ምዕራፍ ሰባት፦ የሣር ጎተራ

ባለፈው ምዕራፍ የፈረስን ሆድ ከበሬ ሆድ ጋር አስተያይተን ነበር። ፈረስ አያመሰኳም። ስለዚህ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት፣ ከሌሊቱም ብዙውን ሲግጥ ያሳልፋል። በምዕራፍ ሦስት ደግሞ ዋልካ አፈር ክረምት ሲገባ አብጦ እንደሚላቁጥ፣ በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ እንደሚሰነጠቅ ተመልክተናል። አሁን በአፍና በአፈር መካከል ወዳለው ነገር እንግባ፤ ወደ ሣሩ።

ፈረስ ወይም ከብት ያለው ሰው መስኩ ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን አረም በምን ላጥፋው?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሣሩ ቦታውን ለምን ለቀቀ? ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለ ሣር መካከል የወደቀ የአረም ዘር ብርሃን አያገኝም፤ ቢበቅልም ቀጥኖ ይቀራል። ባዶ መሬት ካገኘ ግን የሚያቆመው የለም። መስክን መንከባከብ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ባዶ ቦታ እንዳይፈጠር መጠበቅ ማለት ነው፤ ባዶ ቦታን የሚፈጥረው ደግሞ ከምንም በላይ እረፍት ያጣ ሣር ነው። ለዚህ ከፎገራ ሜዳ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ሜዳው

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ወረታ ይደረሳል። ከወረታ ዙሪያ ጀምሮ እስከ ጣና ዳርቻ የተንጣለለው ሜዳ ፎገራ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ይሆናል። ከጉና ተራራ በኩል የሚወርዱት ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ክረምት ሲበረታ ደግሞ ከአልጋቸው ወጥተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ውኃው ሲሸሽ ደለል ትቶ ይሄዳል፤ በደለሉ ላይ ሣር ይነሣል። በወተቷ የታወቀችው፣ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነችው የፎገራ ላም የዚህ ሣር ውጤት ናት። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያዋን ለማቆየትና ለማሻሻል ለረጅም ዓመታት ሠርቷል።

በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ጅግናና ሻጋ በተባሉ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ። ሙከራው ሠመረ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሩዝ የሚወደው ውኃ የሚተኛበትን መሬት ነው፤ ያ መሬት ደግሞ ግጦሽ ነበር። ዓመት ዓመትን እየተካ ሲሄድ ማሳው ሰፋ፣ መስኩ ጠበበ። ሩዙ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ፎገራን ከረሃብ ያራቀ፣ ወረታን ገበያ ያደረገ፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልንም ወደዚያ ያመጣ እህል ነው፤ ገለባውም ዛሬ የከብቱ ዋና የበጋ ቀለብ ሆኗል። ነገሩ ግን በቁመቱ ሊታይ ይገባል፤ ከብቱ ሳይቀንስ መስኩ ቀነሰ። የቀረው የወል መስክ የሁሉንም መንጋ ሸክም ተሸከመ፤ እረፍት የሚባል ነገርም ጠፋ።

ቁሐር ሚካኤል በዚህ ሜዳ ላይ ያለ የወረታ ጎረቤት ቀበሌ ነው። አሜኬላ ያስቸገረው እዚህ ነው።

እሾሁ

ፎገሬዎች አሜኬላ የሚሉት ይህ ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ሃይግሮፊላ ኦሪኩላታ ይባላል። በሌላ አካባቢ አሜኬላ የሚባል ሌላ እሾሃማ ተክል ሊኖር ስለሚችል መልኩን ልግለጸው። ግንዱ አራት ማዕዘን አለው፣ ጸጉራም ነው፤ ቁመቱ ከጉልበት አልፎ እስከ ሰው ደረት ሊደርስ ይችላል። በግንዱ እያንዳንዱ አንጓ ዙሪያ ቅጠሎች በክብ ይወጣሉ፤ ከቅጠሎቹ ሥር ስድስት ያህል ቀጥ ያሉ ረጃጅም እሾሆች ይቆማሉ። አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ነው። የሚወደው ረግረግና ውኃ የሚተኛበት መሬት ነው፤ ፎገራ ለእሱ የተመቸ ቤት ነው።

የዘሩ ጠባይ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ጠፍጣፋ፣ ትንሽ ዘር ነው። ውኃ ሲነካው ላዩ ያሙለጨልጫል፤ በሚጣበቅ ዝልግልግ ነገር ይሸፈናል። ክረምት ላይ በረጠበ መስክ የሚሄድ ከብት በሰኮናው ጭቃ ይዞ ይወጣል፤ ጭቃው ዘሩን ይዞታል። ጎርፉም የድርሻውን ያደርጋል። ስለዚህ አንዱ ቀበሌ መስኩን አጽድቶ ጎረቤቱ ካላጸዳ ዘሩ በእግርም በውኃም ተመልሶ ይመጣል።

ጉዳቱ ድርብ ነው። ከብቱ እሾሁን ስለሚፈራ ተክሉን አይበላውም። ከዚህም የከፋው ደግሞ በእሾሁ መካከል የበቀለውን ጥሩ ሣር ሊደርስበት አለመቻሉ ነው። ሣር እያለ መስኩ ለላሟ ባዶ ነው። ላሟ ወደ ቀረው ክፍት ቦታ ትሄዳለች፤ ያ ቦታ ይበልጥ ይነጫል፣ ይራቆታል፣ በሚቀጥለው ክረምት አሜኬላው ወደዚያ ይሻገራል። መስኩ በየዓመቱ የሚጠበው በዚህ ዓይነት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜኬላ በቅርቡ ከሩቅ አገር ተጭኖ የመጣ አይደለም። በአፍሪካና በእስያ ሞቃት ረግረጎች ሁሉ የሚገኝ ነው፤ በሕንድ የባህል ሕክምና ዘሩ መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ተክል በረግረጉ ጥግ ተወስኖ ሊኖር ሲችል ሜዳውን የሚወርረው ምን ሲለወጥ ነው? ተክሉ አልተለወጠም፤ ሣሩ ነው የተዳከመው።

ጎተራው

ሣር ከሌሎች ተክሎች የሚለይበት አንድ ትልቅ ብልሃት አለው። አብዛኛው ተክል የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ጫፉን ብትቀጥፉት እድገቱ ይታወካል። ሣር ግን ማደጊያው ከመሬት አጠገብ፣ ከከብት ጥርስ በታች ነው። ላዩ ቢበላ ከሥሩ ይገፋል። ለዚህ ነው ሣር ለመበላት የተፈጠረ የሚመስለን። ግን ለመበላት የተፈጠረ ማለት ሁልጊዜ ለመበላት የተፈጠረ ማለት አይደለም።

ምክንያቱን ለማየት የገበሬን ጎተራ እናስብ። እህሉ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ተወቅቶ ይገባል። ቤተ ሰቡ ከዚያ እየቀነሰ ይበላል፤ ክረምት ላይ ማሳው ገና ለጋ ሳለ የሚኖረው በጎተራው ነው። ለዘር የሚሆነው ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል፤ አይነካም። አዲሱ ምርት ሲደርስ ጎተራው ይሞላል፣ ዑደቱ ይቀጥላል።

ሣርም ጎተራ አለው። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ይህ ምርቱ ነው። ከዕለት ፍላጎቱ የተረፈውን ከግንዱ ሥር፣ ከመሬት አጠገብ ባለው ወፍራም ክፍልና በሥሩ ያጠራቅማል፤ ሰርዶ ደግሞ በመሬት ላይና በመሬት ውስጥ በሚሮጡት ግንዶቹ ጭምር። ከብት ቅጠሉን ሲበላው ምርት ይቆማል። ሣሩ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ከጎተራው ይቀንሳል። የመጀመሪያው ለጋ ቅጠል የሚወጣው በተጠራቀመ ሀብት ነው፤ ገና ያመረተው ነገር የለም። ሁለት ሦስት ቅጠል ሲዘረጋ ነው ምርቱ ፍጆታውን አልፎ ጎተራው እንደገና መሞላት የሚጀምረው።

አሁን ከብቱ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ እንበል። ለጋው ቅጠል ጣፋጭ ነው፤ ከጎረመሰው ሣር ይልቅ እሱን ይመርጣል። ስለዚህ አስቀድሞ የተበላው ሣር ደግሞ ይበላል፣ ጎረቤቱ እየጎረመሰ ይቀራል። ሣሩ ከጎተራው ዳግመኛ ይቀንሳል። ሲደጋገም ለዘር የተቀመጠውን መንካት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከመሬት በታች ስለሆነ ማንም አያየውም፤ ሥሩ ያጥራል። ጥልቀት የነበረው ሥር ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ በጋ ሲመጣ ውኃ የሚቀዳበት ርዝመት የለውም። ሣሩ ይደርቃል፤ በክረምቱ መጀመሪያ መነሣት ሲገባው አይነሣም። እዚያ ቦታ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ባዶ መሬት ይታያል። አሜኬላ የሚፈልገው ይህችን ነው።

ሥሩ እንደሚያጥር የታየው በግምት አይደለም። ፍራንክሊን ክራይደር የተባለ አሜሪካዊ የአፈር ጥበቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመው ሙከራ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሣርን በተለያየ መጠን እየቆረጠ ሥሩን ተከታተለ። ከቅጠሉ ግማሽ ሲወሰድ የሥሩ እድገት የሚቆመው በጥቂቱ ብቻ ነበር። 60 በመቶ ሲወሰድ ግማሽ ያህሉ ሥር ማደጉን አቆመ። 80 በመቶ ሲወሰድ ደግሞ የሥሩ እድገት በሙሉ ለ12 ቀናት ቆመ፤ 90 በመቶ ሲሆን ለ17 ቀናት። ከዚህ የምናነበው ጉዳቱ ከተበላው መጠን ጋር እኩል እንደማይጨምር ነው። ግማሹን መብላት ለሣሩ ቀላል ነው፤ ከግማሽ ካለፈ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ጉርሻ ግን ከፊተኛው ብዙ እጥፍ ይከብደዋል። «ግማሹን ብላ፣ ግማሹን ተው» የሚለው የመስክ አያያዝ ደንብ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ከክራይደር ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ አንድሬ ቮይዛን የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰውና ከብት አርቢ በኖርማንዲ ካለው እርሻው የተማረውን በመጽሐፍ አወጣ። ዋና ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ልቅ ግጦሽ የከብት ብዛት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የጊዜ ጉዳይ ነው። ሣሩ ጎተራውን ሳይሞላ ተመልሶ ከተበላ፣ የሚበላው አንድ ፈረስ ቢሆንም መስኩ ይጎዳል። ብዙ ከብት ለአጭር ጊዜ ገብቶ ወጥቶ ሣሩ በቂ እረፍት ካገኘ ግን መስኩ ይጸናል።

ይህ ሐሳብ ለእኛ አገር ትልቅ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። ለገበሬው «ከብትህን ቀንስ» ማለት ሀብቱን፣ ጉልበቱንና የክፉ ቀን መድኅኑን ቀንስ ማለት ነው፤ አይሰማም፣ ባይሰማም አልፈርድበትም። «ከብትህን በወቅቱ አስገባ፣ በወቅቱ አውጣ» ማለት ግን የሚቻል ነገር ነው። እረፍቱ ምን ያህል ይሁን? ሙቀትና እርጥበት ባለበት ወቅት ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ሊበቃ ይችላል። በበጋ ግን ሣሩ አያድግምና የቀን ቁጥር አይሠራም፤ መስፈርቱ ቀኑ ሳይሆን የቅጠሉ ቁመት ነው።

ፈረስ ሲግጥ

እስካሁን የተናገርነው ለከብትም ለፈረስም ይሠራል። ፈረስ ግን በሁለት ነገር ይብሳል፤ በአንድ ነገር ደግሞ ይጠቅማል።

ላም የላይ የፊት ጥርስ የላትም። ሣሩን በምላሷ ጠምጥማ በታች ጥርሷና በላይ ድዷ ትነጨዋለች፤ ስለዚህ እጅግ ዝቅ ብላ መጋጥ ያስቸግራታል። ፈረስ ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ አለው፣ ከንፈሩም ረቂቅ ነው። አንዲቱን ቅጠል ከሌላዋ ለይቶ ከመሬት እኩል ሊቆርጣት ይችላል። የሣሩ ጎተራ ያለው ደግሞ ከመሬት አጠገብ ነው። ፈረስ ጎተራውን ራሱን ይበላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ፋንድያው ነው። ፈረስ በተቻለው መጠን ፋንድያ በጣለበት ቦታ አይግጥም። በአንድ ጠባብ መስክ ጥቂት ወራት የቆየ ፈረስ መስኩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንድ በኩል እስከ አፈሩ የተላጨ የግጦሽ ቦታ፣ በሌላ በኩል የጎረመሰ፣ ማንም የማይነካው የፋንድያ ቦታ። አረሙ በሁለቱም በኩል ይገባል፤ በአንደኛው ባዶ መሬት ስላገኘ፣ በሁለተኛው የሚነካው ስለሌለ። መፍትሔው ፋንድያውን በየጥቂት ቀኑ መልቀምና ከመስኩ አውጥቶ መከመር ነው። ብስባሹ በደንብ ከጋለ የትሉን እንቁላልና ብዙውን የአረም ዘር ይገድላል። በርጥበት ወቅት ፋንድያን መስኩ ላይ መበተን ግን ትሉን መዝራት ነው።

ጥቅሙ ይህ ነው፤ የፈረስ የሆድ ትሎች አብዛኞቹ በከብት ሆድ ውስጥ አይኖሩም፣ የከብትም እንዲሁ። ላም ፈረሱ የናቀውን ቦታ ትግጣለች። ስለዚህ ከብትና ፈረስ በፈረቃ የሚገቡበት መስክ ለአንዱ ብቻ ከተተወ መስክ የተስተካከለ ሣርና ያነሰ ትል ይኖረዋል። የአገራችን ገበሬ ፈረሱን፣ አህያውንና ከብቱን አንድ ላይ ማሰማራቱ በዚህ በኩል ብልህነት አለበት።

በፎገራና በመሰሉት ዋልካ መሬቶች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የረጠበ ዋልካ የፈረስን ሰኮና ይውጣል። እግሩ በገባበት ሁሉ ሣሩ ይነቀላል፣ ጉድጓዱ ውኃ ይይዛል፣ ከጉድጓዱ ረግረግ የሚወድ አረም ይወጣል። ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ በዘነበበት ቀን ፈረሱን ጠጠር ወይም ደረቅ መሬት ባለበት አጥር ውስጥ አቆይቶ ድርቆሽ መስጠት መስኩን ከብዙ ወራት ጉዳት ያድናል። ለፈረሱም ሰኮና ደግ ነው።

እሾሃም አረም ለጋሪ ፈረስ ሌላም አደጋ አለው። በቆዳ ሥር ባሉ የሰውነት ፈሳሽ መስመሮች ላይ እባጭና የሚፈነዳ ቁስል የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ በሰፊው ይገኛል፤ በተለይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባለው አገር። ፈንገሱ የሚገባው በቆዳ ላይ ባለ ጭረትና ቁስል ነው። መሣሪያው የላጠው ጀርባ ዋናው በር ቢሆንም እሾህ የጫረው እግርና አፍም በር ነው። መርዛማ አረሞችን ደግሞ ፈረስ እርጥብ ሳሉ በጠረናቸውና በጣዕማቸው አብዛኛውን ጊዜ ይተዋቸዋል፤ አስተናግርን የመሰለ ተክል ግን ከሣር ጋር ታጭዶ ድርቆሽ ውስጥ ከገባ ለይቶ መተው ያስቸግረዋል። ድርቆሽ የሚታጨድበትን መስክ አስቀድሞ ዞሮ ማየት የግድ ነው።

ነቀላው

ወደ ቁሐር ሚካኤል እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. ግድም ተጀምሮ በ2004 ዓ.ም. የተጠናቀቀ፣ በካናዳ መንግሥት ገንዘብ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አስተባባሪነት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የተካሄደ «አይፒኤምኤስ» የተባለ ፕሮጀክት ነበር። በመላ አገሪቱ ከመረጣቸው 10 ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነው። ችግሩ ምንድን ነው ተብሎ አርሶ አደሩ ሲጠየቅ በግጦሹ ላይ ያለው አሜኬላ ተነሣ። የቁሐር ሚካኤል ሰው በጋራ ወጥቶ መስኩን ነቀለ፤ ከዚያም የጸዳውን ቦታ ከልሎ ከከብት ጠበቀው። ሣሩ ተመልሶ ተነሣ። አጭዶ መመገብም ተጀመረ።

ከዚህ ውስጥ ሥራውን የሠራው የትኛው ነው ብትሉኝ ሁለተኛው ነው እላለሁ። ነቀላው ባዶ መሬት ፈጠረ፤ ከዚህ በላይ እንዳየነው ባዶ መሬት ለአረም የተዘረጋ መደብ ነው። በአፈሩ ውስጥ ደግሞ ያለፉት ዓመታት ዘር ተቀብሮ ይጠብቃል፤ ባለሙያዎች የዘር ክምችት የሚሉት ይህ ነው። ከነቀላው ማግስት ከብት ቢለቀቅበት ኖሮ በሚቀጥለው ክረምት አሜኬላው በእጥፍ ይመለስ ነበር። ክልከላው ለሣሩ ጎተራውን የሚሞላበት ጊዜ ሰጠው፤ ሣሩ ባዶውን ቦታ አረሙን ቀድሞ ያዘው።

የዚህን ተቃራኒ በዚያው አካባቢ፣ በጣና ላይ አይተናል። እምቦጭ በሐይቁ ላይ በይፋ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ስንት ሕዝብ በእጁ ሲነቅል፣ ስንት ማሽን ሲገዛ እንደነበር የማያስታውስ የለም። የርብና የጉማራ መግቢያዎች በብርቱ ከተጠቁት ቦታዎች ናቸው። የወጣው ጉልበት የሚያስመሰግን ነው፤ ግን ከተራራው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ሐይቁን ማስባቱን እስካላቆመ ድረስ እምቦጩ የሚመለስበት ምክንያት አለው። ነቀላ ብቻውን የመሬቱንም የውኃውንም አረም አያሸንፍም።

ነቀላውም ቢሆን ወግ አለው። ጊዜው አፈሩ ለስልሶ ተክሉ ሳያፈራ ነው፤ አበባው ወደ ዘር ከተለወጠ በኋላ የሚነቀል አሜኬላ በመንገዱ ሁሉ ይዘራል። ሥሩ ጭምር መውጣት አለበት፤ በማጭድ አንገቱን ብቻ መቁረጥ ከሥሩ እንዲያቆጠቁጥ መተው ነው። የተነቀለው ዘር ከያዘ በመስኩ ላይ አይጎተት፤ በአንድ ቦታ ተከምሮ ደርቆ ይቃጠል። አረም ካለበት መስክ የወጣ ከብት ወደ ጸዳው ከመግባቱ በፊት እግሩ ላይ ያለው ጭቃ ቢጠረግ ጥሩ ነው። ባዶ የቀሩት ትላልቅ ቦታዎች ላይ የሰርዶ ግንድ ቆርጦ መትከል ወይም የማገጥ ዘር መበተን ሣሩን ያፈጥነዋል። ማገጥ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያዳብራል፤ ለፈረስም ለላምም ግሩም ቀለብ ነው።

መድኃኒቱስ? ገበሬው ቱ ፎር ዲ የሚለው ፀረ አረም ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ገድሎ ሣርን ይተዋል። በማሳ ላይ የታወቀ ነው። በወል መስክ ላይ ግን አልመክረውም። ማገጥን ከአሜኬላው ጋር አብሮ ይገድላል፤ ጎርፍ በሚተኛበትና ወደ ጣና በሚፈስ መሬት ላይ የሚረጭ ነገር መጨረሻው የት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ደግሞም ባዶውን ቦታ ማን እንደሚይዘው አይወስንም።

ክልከላው

የቀረው ከባዱ ጥያቄ ነው። የግል መስክ ያለው ሰው በሩን ይዘጋል። የወልን መስክ ማን ይዘጋዋል? ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ የወል ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር፤ እያንዳንዱ አርቢ አንድ ተጨማሪ ከብት ሲያስገባ ትርፉ የራሱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ነውና። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች ተመራማሪ ከዓለም ዙሪያ የሰበሰበችውን ማስረጃ ይዛ ተከራከረችው፤ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው፣ ራሳቸው ጠብቀው፣ አጥፊውን ራሳቸው ሲቀጡ የወል ሀብት ለዘመናት ይጸናል አለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት በኢኮኖሚክስ ያገኘችው በዚህ ሥራዋ ነው።

ለኦስትሮም ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ሰዎች ከአባቶቻቸው ከአስቦና ከጌራ ዘመን፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ጠብቀው ኖረዋል። መስኩ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ሕዝቡ ተስማምቶ ይከፈታል፤ ዝናቡ ሲመለስ እንደገና ይዘጋል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ መልሶ አቁሞታል። ጓሳ ዛሬም ቆሞ የሚታየው በዚህ ነው። የመንዝ አባቶች የክራይደርን መቶኛ አላሰሉም፤ ሣር ሳይሞላ እንደማይከፈት ግን አውቀው ሕግ አድርገውታል።

ቁሐር ሚካኤል ከጓሳ ይለያል። ሜዳ ነው፣ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሩዙ ከየአቅጣጫው ይገፋል። አምስት ዓመት ዘግቶ መቆየት አይቻልም። ግን መስኩን ከፋፍሎ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እንዲጋጥ ማድረግ ይቻላል፤ ከክረምቱ መግቢያ እስከ መስከረም የሚዘጋውን ክፍል በየዓመቱ ማፈራረቅ ይቻላል፤ ከብት የሌላቸው አባወራዎችና እማወራዎች የሚታጨደውን ሣር ድርሻ እንዲያገኙ ማድረግ ይቻላል። ይህ የመጨረሻው በተለይ አስፈላጊ ነው። ከክልከላው ምንም የማያገኝ ሰው ክልከላውን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም።

ይህን ለመወሰን ጊዜው ግንቦት ነው። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ከብቱ በገለባ ላይ ሳለ፣ የትኛው ክፍል እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ነቀላው በየትኛው ሳምንት እንደሚሆን፣ ማን እንደሚጠብቅና ያለ ፈቃድ ያስገባ ምን እንደሚከፍል በቀበሌያችሁ ስብሰባ ወስኑ። የግል መስክ ያላችሁም ግቢያችሁን ቢያንስ ለአራት ከፍላችሁ ፈረሳችሁን አዘዋውሩ፤ ሣሩ ቁመቱ ከእጅ መዳፍ ስፋት ሳያንስ አውጡት፣ አንድ ስንዝር ሳይሞላ አትመልሱት። ሰኔ ከገባ በኋላ የሚጀመር ክልከላ ዘግይቷል።